ዜግነት ወስዶ ምርጫ የማይወጣው ሰው፦ ግድ የለውም፣ አኩርፏል ወይስ መዝገቡ ጥሎታል?

ሒሳብ ሹም

ሰላም ለሁላችሁም። ምርጫ በመጣ ቁጥር «የእኛ ሰው አይመርጥም» ይባላል፤ ምክንያቱም በአንድ ቃል ይዘጋል፦ ግድየለሽነት። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ በ2020 የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ ወደ 66 በመቶው ድምፅ ሰጠ፤ ከ1900 ወዲህ ከፍተኛው ነው። በ2024 ወደ 64 ወረደ። ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት በ2022 46 አካባቢ ነበር፤ በ2014 ደግሞ 37 እንኳ አልሞላም። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። በሁለት ዓመት ልዩነት የሰው ስንፍና እንዲህ አይወጣም አይወርድም። የሚለዋወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና የምርጫው ቀን ነው።

የሎስ አንጀለስን ከንቲባ ምርጫ ተመልከቱ። ከተማው ብቻውን በ2017 ሲመርጥ የወጣው ከተመዝጋቢው 20 በመቶ ገደማ ነበር። ምርጫውን ለሁለት ወደሚካፈል ቁጥር ዓመት አዛውረው ከክልሉ ምርጫ ጋር ሲያያይዙት በ2022 ከ40 በመቶ በላይ ወጣ። ማንም ማንንም አልሰበከም፤ ቀኑ ነው የተቀየረው።

ስለዚህ የማይመርጠውን ሰው በሦስት ብንለየው ይሻላል። ጨርሶ ያልተመዘገበ አለ። ተመዝግቦ በአድራሻ፣ በስም፣ በሥራ ሰዓት ምክንያት መንገድ ላይ የቀረ አለ። አስቦበት «አልመርጥም» ያለም አለ። እኔ ትልቁ ክፍል ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ የምናወራው ግን ስለ ሦስተኛው ብቻ ነው። በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በላስ ቬጋስ ስላሉት ወገኖቻችን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ፣ አሠራሩን ዘርዝሩልን።

አራት ኪሎ

ሒሳብ ሹም፣ ሰውን ሁሉ የመዝገብ ሰለባ አታድርገው። አገር ቤት በ2010 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2015 ደግሞ አንድም ሳያስቀሩ 547ቱንም። ከዚያ የመጣ ሰው «ድምፅህ ዋጋ አለው» ሲሉት በሆዱ ቢስቅ ይፈረድበታል? ተምሮ የመጣው ትምህርት ነው።

እዚህስ ቢሆን? ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 ወኪሎች ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በቀር ክልሉን ያሸነፈ ጠቅልሎ ይወስዳል። ሜሪላንድ ወዴት እንደምትሄድ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆምበት ምክንያት የለውም። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ሒሳብ ሹም

ሒሳቡ ለፕሬዚዳንቱ ያስኬዳል፤ ከእሱ በታች ላለው ግን አያስኬድም። ሲልቨር ስፕሪንግን ስላነሳህ እዚያው እንቆይ። ሞንትጎመሪ ካውንቲን (ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበትን የአካባቢ አስተዳደር) ለማስተዳደር የተወዳደረው ሰው በ2018 የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበትን ቅድመ ምርጫ) ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እሱና ያኔ የተሸነፈው ሰው ተመልሰው ገጠሙ፤ ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው! የቤት ግብሩን፣ የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የንግድ ፈቃዱን የሚነካው ቢሮ ይሄ ነው። 32 ሰው በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና የሚጠጣ ጠረጴዛ ይሞላል።

ቨርጂኒያም በ2017 ለክልሉ ምክር ቤት በ94ኛው ወረዳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። በጥር 2018 ዕጣ ወጣ። በዚያ ዕጣ ምክር ቤቱ 50 ለ50 መሆኑ ቀርቶ 51 ለ49 ሆነ።

ዘብ

የሜሪላንዱ ነገር ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፤ ማንም አያነሳውም። ሜሪላንድ ውስጥ ፕራይመሪው ዝግ ነው። ሲመዘገቡ «ዴሞክራት» ወይም «ሪፐብሊካን» ብሎ ያልሞላ ሰው በፓርቲው ፕራይመሪ አይመርጥም፤ የሚሰጠው የትምህርት ቦርድን የመሰለ ፓርቲ የሌለበት ወረቀት ብቻ ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ደግሞ ጨዋታው የሚያልቀው በሰኔው ወይም በሐምሌው ፕራይመሪ ነው፤ ኅዳር ላይ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ማጽደቅ ነው።

የእኛ ሰው ግን የፓርቲ ሳጥን ሲያይ እጁ ይያዛል። አገር ቤት የፓርቲ አባል መሆን መታወቂያ፣ መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ሲለወጥ ደግሞ መዘዝ ነው። እዚህ መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ኅዳር ላይ ለሌላው ፓርቲ መምረጥም ይቻላል፤ ሳጥኑ የሚወስነው የትኛውን የፕራይመሪ ወረቀት እንደሚሰጡህ ብቻ ነው። «ከፓርቲ ነፃ» ብሎ የሞላ ወገን ግን ሳያውቀው ዋናውን ምርጫ አሳልፎ ሰጥቷል። በምርጫው ዕለት ሄጄ እቀይረዋለሁ ማለትም አይሠራም፤ ፓርቲ መቀየሪያው ቀን ከፕራይመሪው አስቀድሞ ይዘጋል።

ቨርጂኒያ ተቃራኒ ናት። ሲመዘገቡ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ፕራይመሪ ላይ ሄደህ የአንዱን ወረቀት ትጠይቃለህ፣ በቃ። በሁለቱ መካከል ያለውን የፖቶማክ ወንዝ ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይቀራል።

ወለላ

እኔ የማነሳው የስም ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ የእኛን ሰው የሚጥለው ይሄ ይመስለኛል።

በ2002 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አዲስ ተመዝጋቢ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን፣ ከሌለው የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት አኃዞች ይሰጣል። ክልሉም ይህን ከዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። እንግዲህ የእኛን ስም አስቡት። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መካከለኛ፣ የአያት ስም የመጨረሻ ይሆናል፤ ሌላው ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ሆኖ አያት ይጠፋል። «ዮሐንስ» በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጻፋል። «ወልደ» እና «ገብረ» ያለበት ስም አንዱ ጋ ተለያይቶ፣ ሌላው ጋ ተጣብቆ ይገባል። «ኃይለ ማርያም» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል።

የልደት ቀን ደግሞ አለላችሁ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት አንዱ ወረቀት ላይ ሳይቀየር እንዳለ ከገባ፣ ሌላው ላይ ከተቀየረ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። መዝገቡ አይመሳሰልም፤ ምዝገባው «በእንጥልጥል» ይቀመጣል፤ ደብዳቤ ይላካል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፣ የማስታወቂያ ወረቀት ይመስላል፣ ከፒዛ ቤቱ ኩፖን ጋር ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። ሰውዬው ግን በልቡ «ተመዝግቤያለሁ» ይላል።

ማድረግ የሚገባው ይሄ ነው። ስምን በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ፊደልና ቅደም ተከተል ማስያዝ፤ ሥራው የሚጀመረው ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው፣ ከዚያ ዲኤምቪ፣ በመጨረሻ የመራጮች ምዝገባ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ምዝገባን በክልሉ የምርጫ ድረ ገጽ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ዚፕ ኮድ ይጠይቃል። በትክክለኛው ስም ሲፈልጉ «የለም» ካለ፣ በተጣበቀውም በተለያየውም ይሞክሩት። የሚገኘው ብዙ ጊዜ በተሳሳተው ነው፤ ያኔ ስሕተቱ የት እንዳለ ይታወቃል።

ሸገር ቬጋስ

ወለላ ልጨምርልሽ፣ ፊርማም አለ። ኔቫዳ ለእያንዳንዱ ንቁ ተመዝጋቢ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ቤቱ ድረስ ትልካለች፤ ዋሽንግተን ክልልና ኮሎራዶም እንዲሁ። ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ በፊደል «ተ.መ» ብሎ ፈርሞ፣ ፖስታው ላይ በላቲን የጻፈ ሰው ወረቀቱ ይታገድበታል። በአማርኛ መፈረም ችግር የለውም፤ ችግሩ ሁለት ዓይነት መፈረሙ ነው። ከታገደ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም በደብዳቤ ያሳውቁታል፤ ከምርጫው በኋላም ጥቂት ቀን ድረስ ማስተካከል ይቻላል። ሳይመልስ የቀረ ግን አልመረጠም ማለት ነው፤ ራሱ «መርጫለሁ» እያለ።

ቨርጂኒያ ፊርማ አታመሳክርም። ከ2023 ወዲህ በፖስታ ለሚመርጥ ሰው የምትጠይቀው የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት አኃዞችና የልደት ዓመት ነው። ያ ወለላ ያለችው የልደት ዓመት እዚህም ይመጣል።

ቀጭን ብዕር

ስለ ቨርጂኒያ ካነሳን አንድ ነገር ላክል፤ አዲስ ዜጎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በግሪን ካርድ ዘመን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በዲኤምቪ መዝገብ «ዜጋ ያልሆነ» ተብሎ ተቀምጧል። ከቃለ መሐላው በኋላ ዲኤምቪ በራሱ ላያውቅ ይችላል። በ2024 ቨርጂኒያ ወደ 1,600 ሰዎችን ከመራጮች መዝገብ አስወጣች፤ ከእነሱ መካከል ዜጎችም ነበሩበት። ሕጉ ከፌዴራል ምርጫ በፊት ባሉት 90 ቀናት እንዲህ ያለ ጅምላ ማጽዳትን ይከለክላል ተብሎ ክስ ቀርቦ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጥቅምት መጨረሻ፣ ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ክልሉ እንዲቀጥል ፈቀደ።

ዜግነት እንደተገኘ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሶሻል ሴኩሪቲና ዲኤምቪ መሄድ አለበት፤ ፓስፖርት ወጣ ተብሎ መተው አይገባም። በምርጫው ዕለት ስምህ የለም ከተባልክ ደግሞ ዝም ብለህ አትመለስ። ቨርጂኒያ ውስጥ በዕለቱ ተመዝግቦ በጊዜያዊ የድምፅ ወረቀት መምረጥ ይቻላል፤ ወረቀቱ የሚቆጠረው መዝገቡ ከተጣራ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ሳይጠየቅ ላያቀርበው ይችላልና «ጊዜያዊ ወረቀት ስጡኝ» ማለት ያስፈልጋል።

እንግዳ 19

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ዲሲ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ይችላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ዜግነት ላይ ችግር አያመጣም?

ቀጭን ብዕር

ከርዕሱ አልወጣህም። ፍርሃት ዋና ምክንያት ነው።

ዲሲ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ (ከንቲባ፣ ምክር ቤት፣ የትምህርት ቦርድ) እንዲመርጡ በሕግ ፈቅዳለች፤ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ለከተማው ምርጫ ትፈቅዳለች። ወረቀቱ የተለየ ነው፤ ፕሬዚዳንትም ኮንግረስም የለበትም።

ከዚያ ውጭ ግን ነብር አየኝ በል። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ቢመርጥ እስራትም ከአገር መባረርም አለው፤ «ዜጋ ነኝ» ብሎ ሳጥን መሙላት ደግሞ ብቻውን የኢሚግሬሽን መንገድህን ለዘላለም ሊዘጋ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን 400 «ለመምረጥ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በዲሲ በሕጋዊ መንገድ የመረጠ ሰው ጥፋት አልሠራም፤ ግን መልሱን ማስረዳት ይጠበቅበታልና ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ብዙ አደጋ የሚመጣው ዲኤምቪ ላይ ነው፤ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የመራጭ ምዝገባ ጥያቄ ይመጣል፣ ሰው እንግሊዝኛውን በደንብ ሳያነብ «አዎ» ይጫናል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እዚያ ላይ «አይ» ብሎ ይለፍ።

ይህ ፍርሃት ዜግነት ከተገኘ በኋላም አይለቅም። አሥር ዓመት «እንዳትነካው» የተባለውን ነገር በአንድ ጠዋት መሐላ አድርገህ «አሁን ንካው» ስትባል እጅ ይንቀጠቀጣል።

ዘብ

ስለ ሥራ ሰዓት ልናገር። የምርጫው ቀን «ከኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ» የሆነው በ1845 በወጣ ሕግ ነው፤ ገበሬው በጋሪ የሚመላለስበት ዘመን። ዛሬም ማክሰኞ ነው፣ ዛሬም በፌዴራል ደረጃ የሥራ ቀን ነው። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ የክልሉ በዓል አድርጋዋለች፤ የግል ቀጣሪን ግን አያስገድድም።

ቨርጂኒያ ጣቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው፤ ሜሪላንድ፣ ዲሲና ሚኒሶታ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። በሩ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው የመምረጥ መብት አለው፤ ከሰልፉ እንዳይወጣ። እንግዲህ ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ይህ ሰዓት የት ያገኘዋል?

የፈቃድ ሕጉ እንደየክልሉ ነው። ሜሪላንድ ጣቢያው ክፍት ባለበት ጊዜ ሁለት ተከታታይ ነፃ ሰዓት ለሌለው ሠራተኛ ሁለት የሚከፈልበት ሰዓት ትሰጣለች፤ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ዲሲ ቢያንስ ሁለት የሚከፈልበት ሰዓት አላት፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሚኒሶታ ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ያህል ጊዜ፣ ደመወዝ ሳይቀነስ። ኔቫዳ በርቀት ትመድባለች፦ ጣቢያው ከሥራ ቦታው ከሁለት ማይል በታች ከሆነ 1 ሰዓት፣ እስከ 10 ማይል 2 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ 3 ሰዓት። ቨርጂኒያ ለዚህ የሚሆን ሕግ የላትም።

እነዚህ ሁሉ ግን ለተቀጣሪ ናቸው። ኡበርና ሊፍት የሚነዳው፣ ታክሲ በራሱ ስም የያዘው ወገን በሕግ ዓይን «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቀጣሪ የለውም። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ከቆመ ሁለት ሰዓት ገቢ አጣ። ለእሱ መፍትሔው ማክሰኞን መርሳት ነው። ቨርጂኒያ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ በካውንቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ማስመረጥ ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሰልፍ እምብዛም የለም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ደግሞ በሕግ ክፍት ናቸው። ምክንያት መጥቀስ አያስፈልግም። ፎቶ ያለበት መታወቂያ የግድ አይደለም፤ በስሙ የመጣ የመብራት ወይም የውኃ ሒሳብ፣ የባንክ መግለጫ፣ ጊዜው ያለፈበት የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድም ይሠራል። ምንም ከሌለው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ቅጽ ላይ ይፈርማል።

ወለላ

ስለ አረጋውያን ደግሞ። «እንግሊዝኛ አላውቅም» ብለው ቤት የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ በቋንቋ እርዳታ ላይ የሚሸፍነው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ቋንቋዎችን፣ የአሜሪካንና የአላስካን ነባር ሕዝቦች ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢበዛ በፌዴራል ሕግ የአማርኛ ወረቀት የማግኘት መብት የለውም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የራሷ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ስላካተተች የመራጭ መመሪያ በአማርኛ ታትማለች። የሚኒሶታ የምዝገባ ቅጽም በአማርኛ ይገኛል።

ይሁንና ሰው የማያውቀው ሌላ መብት አለ። በዚያው የመምረጥ መብት ሕግ አንቀጽ 208 መሠረት ማየት፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ በራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል። ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት። የማይቻሉት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። በሩ ላይ «ረዳት ይዣለሁ» ማለት ነው፤ ረዳቱ አጭር ቅጽ ሊሞላ ይችላል።

ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ የእጅ ልማድ አለ። አገር ቤት በሥዕሉ ትይዩ የ«ኤክስ» ምልክት ወይም የጣት አሻራ ነው። እዚህ ክቧን በጥቁር እስክሪብቶ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ነው። «ኤክስ» ያደረጉበትን ወይም ዳሩን ያከበቡበትን ማሽኑ ላያነበው ይችላል። ከተበላሸ ቀዶ ወይም ደልዞ አለማስገባት፤ ለሠራተኛው መልሰው ሌላ ወረቀት መውሰድ መብት ነው። ደግሞም ወረቀቱ ፊትና ጀርባ ሆኖ ዳኛውን፣ ሸሪፉን፣ የቦንድ ብድሩን ሁሉ ይጠይቃል፤ ሁሉንም መሙላት ግዴታ አይደለም። ክፍት የተተወ ቦታ ሌላውን አያበላሽም። ይህን ባለማወቅ «ሁሉንም ስለማላውቃቸው» ብሎ የሚቀር አለ።

ነጌቭ

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ምዝገባ የሚባል ጣጣ የለም፤ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ በራሱ መዝገብ ይገባል፣ ማሳሰቢያ ቤቱ ይመጣለታል፣ ቀኑም የዕረፍት ቀን ነው። ያም ሆኖ በኅዳር 2022 የመረጠው ወደ 71 በመቶ ነው። ከሚያዝያ 2019 እስከዚያ ድረስ አምስት ጊዜ ምርጫ ተደርጎ ተሳትፎው ከ67 እስከ 72 ባለው መካከል ነው የዋለለው። ስለዚህ ሒሳብ ሹም፣ መዝገቡን ብታስተካክለው ሁሉ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ሲሶው ገደማ እቤቱ ይቀራል።

እርግጥ ከዚያ ሲሶ ውስጥ ውጭ አገር ያለው ብዙ ነው፤ ከዲፕሎማቶችና ከመሰሎቻቸው በቀር ውጭ ያለ ዜጋ አይመርጥም፣ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ አለ። የሚመረጠውም መታወቂያ ላይ በተያዘው አድራሻ ነው። ከኪርያት ማላኪ ሐይፋ ለሥራ የሄደ ልጅ አድራሻውን በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ካላስቀየረ ተመልሶ ኪርያት ማላኪ መሄድ አለበት። ለምክር ቤት ለመግባት ፓርቲ 3.25 በመቶ ማግኘት ስላለበት ደግሞ የቤተ እስራኤል ወጣት «ለእኛ የቆመ ትንሽ ፓርቲ ብመርጥ ድምፄ ይቃጠላል፣ ትልቁን ብመርጥ ይረሳኛል» ይላል። ይሄ የመዝገብ ችግር አይደለም።

ሒሳብ ሹም

ተቀብያለሁ፤ መዝገብ ሁሉን አይፈታም። ግን 71 እና 46 አንድ አይደሉም። አውስትራሊያ ከ1924 ጀምሮ መምረጥን ግዴታ አድርጋ፣ ያለ በቂ ምክንያት ለቀረ ሰው 20 ዶላር ትቀጣለች፤ ተሳትፎው 90 በመቶ አካባቢ ነው። ሃያ ዶላር ለማንም ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ከቅጣቱ ይልቅ የሚሠራው አብሮ የሚመጣው ነገር ነው፤ ሁሉም እንዲመርጥ ያስገደደ መንግሥት ቅዳሜ ለማስመረጥም ይገደዳል።

አራት ኪሎ

ሁላችሁም ስለ ቅጽና ስለ እስክሪብቶ አወራችሁ። አስቦበት የቀረውን ሰው ግን ዘለላችሁት። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት በ2016 ተመዝግበው ያልመረጡትን «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ከአራት አንዱ «ተወዳዳሪዎቹን ወይም አጀንዳውን አልወደድኩም» ብሏል። ቀዳሚው መልስ እሱ ነበር። ሁለቱም የማይረቡ ከሆኑ መቅረት ራሱ መልስ ነው። ዝምታም ድምፅ ነው።

ሸገር ቬጋስ

ዝምታን ድምፅ ያደረገው ክልል የኛው ነው፤ ኔቫዳ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለክልል አቀፍ ሥልጣኖችና ለፕሬዚዳንት «ከእነዚህ ማንንም» የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ አለ። በ2014 በዴሞክራቶች የገዢነት ፕራይመሪ አንደኛ የወጣው «ማንንም» ነበር። በየካቲት 2024 በሪፐብሊካኖች የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ተወዳዳሪዋን ኒኪ ሄሊን ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ ረታት፤ ትራምፕ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በሕግ ግን «ማንንም» አይሾምም፤ ከሰዎቹ መካከል ብዙ ያገኘው ያልፋል። ቢሆንም ተቆጥሮ፣ በጋዜጣ ወጥቶ፣ አሳፍሯቸዋል። እቤት የቀረው ሰው ከታመመው፣ ከሞተው፣ አድራሻ ከቀየረው ጋር አንድ ላይ ነው የሚደመረው። ማን ይለየዋል?

ቀጭን ብዕር

ከዚያም የከፋ ነገር አለ። ለማን እንደመረጥክ ምስጢር ነው፤ መምረጥና አለመምረጥህ ግን ምስጢር አይደለም። ስም፣ አድራሻ፣ የትኞቹን ምርጫዎች እንደወጣህ የያዘ መዝገብ አለ፤ ፓርቲዎችና ዕጩዎች ይወስዱታል። የቅስቀሳ ሰው በር የሚያንኳኳው ከዚያ ዝርዝር ነው፣ የሚጀምረውም ደጋግሞ ከሚመርጠው። ባለፉት አራት ምርጫዎች ያልወጣ ሰው ያለበት አፓርትመንት ይዘለላል። ገንዘብ ውስን ነው፣ ጊዜ ውስን ነው። ከዚያ ያ ሰው «ማንም መጥቶ አላናገረኝም» ብሎ በድጋሚ ይቀራል። ክበቡ እንዲህ ነው የሚዞረው፤ አኩራፊውም ሰነፉም ለዝርዝሩ አንድ ናቸው።

በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ላይ፣ ዋሽንግተን በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ በያዘችው አቋም የተቆጡ ወገኖች ተደራጅተው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሲቀሰቅሱ የዘመቻው ሰዎች ጆሮ ሰጥተዋቸዋል። ልዩነቱ ከ64 ሺህ ድምፅ በታች ነበር። የእኛ ሰው ወሰነው አልልም፤ ያን ሒሳብ ማንም አላወጣውም። ግን ቁጣው ቤት ቢውል ኖሮ አንድ ስልክ የሚመልስላቸው አይኖርም ነበር፤ በዚህ እንኳ ልንስማማ የምንችል ይመስለኛል አራት ኪሎ።

አራት ኪሎ

በቬጋሱ እስማማለሁ፤ እንዲህ ያለ መስመር ሜሪላንድ ላይ ቢመጣ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን ሁለት መጥፎ መካከል ምረጥ የሚለኝን አልሰማም። የካውንቲው 32 ድምፅ ግን... እሱ ሌላ ነገር ነው።

እንግዳ 19

አንዳንዱ ደግሞ የማይመዘገበው ለጁሪ (ፍርድ ቤት ላይ ለሚፈርደው የዜጎች ሸንጎ) እንዳይጠራ ነው። ይሠራል?

ዘብ

ብዙም አያድንም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በዋናነት የመራጮችን መዝገብ ይጠቀማሉ፤ የክልል ፍርድ ቤቶች ግን ብዙዎቹ የመንጃ ፈቃድ መዝገብንም ይጨምራሉ፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ። መኪና የሚነዳ ሰው ሳይመዘገብም ሊጠራ ይችላል። በእንግሊዝኛ መስማትና መናገር ለሚቸግረው ሰው ደግሞ መጠይቁ ላይ ይህን መግለጽ ይቻላል፤ ጥሪውን ዝም ብሎ መጣል ግን ያስቀጣል።

ሚኒያፖሊስ

ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ስለ እኛ ክልል አንድ ሁለት ነገር። ሚኒሶታ ከ1974 ጀምሮ በምርጫው ዕለት ጣቢያው ላይ ታስመዘግባለች፤ በ2020 ወደ 80 በመቶ የመረጠችበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አድራሻ ያለበት መታወቂያ ከሌለ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያና የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ሒሳብ ይበቃል። እሱም ከሌለ በዚያው የምርጫ ጣቢያ ክልል የተመዘገበ ጎረቤት ይመሰክርልሃል፤ አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ድረስ መመስከር ይችላል። ሴዳር ሪቨርሳይድ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ይህ ብዙ ሰው ያወጣል። ጥንቃቄ፦ ምስክርነት የተሰጠው ሰው በዚያው ዕለት ለሌላ ሰው መመስከር አይችልም።

እንግዳ 19

የመጨረሻ ጥያቄ። ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡ አሜሪካዊ ዜጎችስ? ቦሌና ሲኤምሲ ሞልተዋል፤ «ከወጣሁ መብቱ ቀረ» ነው የሚሉት።

ወለላ

አልቀረም። በ1986 በወጣ ሕግ ውጭ አገር የሚኖር ዜጋ አሜሪካ በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው አድራሻ ለፌዴራል ምርጫ ይመርጣል፤ ቤቱ ቢሸጥም፣ ኪራዩ ቢቋረጥም። የሚሞላው «የፌዴራል ፖስት ካርድ ማመልከቻ» የሚባለውን ቅጽ ነው፤ ምዝገባም የወረቀት ጥያቄም በአንድ ላይ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ማደስ ይሻላል፤ አንዴ ሞልቶ መተው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ወረቀቱን በኢሜይል እንዲልኩለት ይምረጥ፤ የአዲስ አበባን የፖስታ ሣጥን አይጠብቅ። ክልሎች ከፌዴራል ምርጫ 45 ቀን በፊት የመላክ ግዴታ አለባቸው። አመላለሱ እንደ ክልሉ ይለያል፤ አንዳንዱ በኢሜይል ወይም በፋክስ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ዋናውን ወረቀት ብቻ። ዋናው ካስፈለገ እንጦጦ መንገድ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በዲፕሎማቲክ ፖስታ ይልካል፤ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ወረቀቱ በደረሰ በሳምንቱ ማድረስ ነው። ጨርሶ ካልደረሰለት ደግሞ በጊዜ አመልክቶ ከነበረ ስሞቹን ራሱ የሚጽፍበት የፌዴራል መጠባበቂያ ወረቀት አለ፤ ከድረ ገጹ ያወርደዋል።

ስሙን ሲጽፍ መዝገቡ ላይ እንዳለው ይጻፍ። «ገብረ» ተለያይቶ ከሆነ ተለያይቶ።